የመጋቢቱ ገበያ፤ የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድርና የትርፉ አከፋፈል

በያመቱ በመጋቢት ወር በአሜሪካ አገር አንድ ዕቃ ለገበያ ይቀርባል። ዕቃው በመጋዘን አይቀመጥም፤ በመርከብ አይጫንም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ቢፈለግ አይገኝም። ሆኖም ሁለት የቴሌቪዥን ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ከ2025 እስከ 2032 ላሉት ስምንት ዓመታት ይህን ዕቃ ለማሳየት 8.8 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍሉ በ2016 ተዋውለዋል። ይህም በያመቱ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ማለት ነው። ዕቃው የኮሌጅ ተማሪዎች የቅርጫት ኳስ ውድድር ነው።

የንግድ ጋዜጣ ስለ ኳስ ጨዋታ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩን በተመልካች ዐይን ሳይሆን በነጋዴ ዐይን ለሚያየው ሰው ግን በዚህ ውድድር ውስጥ ያለው ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ትልልቅና ትንንሽ ሸሪኮች በአንድነት ያቆሙት ገበያ አለ፤ ገበያው እጅግ አተረፈ፤ ትርፉ በበዛ ጊዜም ትልልቆቹ ድርሻችን አነሰ ማለት ጀመሩ። በዚህም ምክንያት ሸሪኮቹ ቦታቸውን ለወጡ፤ አሮጌው ውል ፈርሶ አዲስ ተጻፈ። ታዲያ ገበያው ከዚህ ሁሉ በኋላ እንደ ድሮው ሊቆም ይችላልን? ይህን ለመመርመር አስቀድሞ የገበያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የገበያው አመሠራረት

የቅርጫት ኳስ ጨዋታ የተፈጠረው በ1891 በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፥ በብርዱ ወራት ከቤት ውስጥ ለሚውሉት ተማሪዎቹ የሚሆን ጨዋታ ሲፈልግ፥ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች ከፍ ባለ ቦታ አሰቀለና ኳስ እንዲጥሉባቸው አደረገ። ጨዋታው ብዙ ዕቃና ሰፊ ሜዳ የማይጠይቅ ስለ ሆነ በኮሌጆች ሁሉ በቶሎ ተስፋፋ።

የመጀመሪያው ብሔራዊ የሻምፒዮና ውድድር በ1939 በስምንት ቡድኖች መካከል ተደረገ። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ቡድን የኦሃዮ ስቴትን ቡድን 46 ለ 33 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። የዚያ ዓመት ሒሳብ ሲዘጋ ግን ውድድሩ 2,531 ዶላር ከስሮ ተገኘ። ዛሬ በቢሊዮን የሚቈጠረው ንግድ የጀመረው በኪሳራ መሆኑን ነጋዴ የሆነ ሁሉ ልብ ይለዋል።

ውድድሩን የሚያስተዳድረው ኤን ሲ ኤ ኤ በሚል አጠራር የሚታወቀው ብሔራዊ የኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ነው። ማኅበሩ የተሳታፊዎቹን ቍጥር በየጊዜው እያሳደገ በ1985 64፥ በ2011 ደግሞ 68 አደረሰው። የቴሌቪዥኑም ዋጋ እንዲሁ አደገ። ሲ ቢ ኤስ የተባለው ኩባንያ ከ1991 ጀምሮ ላሉት ሰባት ዓመታት 1 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተዋዋለ። በ2010 ይኸው ኩባንያ ከተርነር ኩባንያ ጋራ ተሸርኮ ለ14 ዓመት 10.8 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ፈረመ። ከላይ የጠቀስነው የ2016 ውል የዚሁ ማራዘሚያ ነው። በ2023 በተዘጋው የበጀት ዓመት የብሔራዊው ማኅበር ጠቅላላ ገቢ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ ከዚህም የሚበልጠው ክፍል የመጣው ከዚህ የሦስት ሳምንት ውድድር ነው።

ዕቃው ይህን ያህል ዋጋ ያገኘበት ምክንያት ምንድን ነው? በጨዋታ ችሎታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገንዘብ ተከፍሏቸው የሚጫወቱት የአገሪቱ ታላላቅ ቡድኖች ከተማሪዎቹ እጅግ ይበልጣሉ። የመጋቢቱ ውድድር ልዩ የሚሆነው በደንቡ ነው። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ስለዚህ ስሙ ከክፍለ ግዛቱ ውጭ የማይታወቅ ትንሽ ኮሌጅ በአንድ ምሽት ታላቁን ዩኒቨርሲቲ ሊጥለው ይችላል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በ2018 የደረሰው ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የባልቲሞር ካውንቲ ቅርንጫፍ ቡድን በክፍሉ የመጨረሻውን 16ኛ ደረጃ ይዞ ገብቶ ሳለ፥ 1ኛ ደረጃ የነበረውን የቨርጂኒያን ቡድን 74 ለ 54 አሸነፈ። በወንዶች ውድድር 64 ቡድኖች መሳተፍ ከጀመሩበት ከ1985 ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም ነበር። በ2023 ደግሞ ፌርሌይ ዲኪንሰን የተባለው የኒው ጀርሲ ዩኒቨርሲቲ ታላቁን ፐርዱን 63 ለ 58 አሸንፎ ነገሩን ደገመው። ተመልካቹ ቴሌቪዥኑን የሚከፍተው እንዲህ ያለው ነገር እንዳያመልጠው ነው፤ ማስታወቂያ አስነጋሪውም ገንዘቡን የሚከፍለው ይህን ተመልካች ለማግኘት ነው።

ትርፉ እንዴት ይከፋፈላል?

ኮሌጆቹ ወደ ውድድሩ የሚገቡት ኮንፈረንስ በሚባል ማኅበር ተደራጅተው ነው። ኮንፈረንስ በጥንቱ ልማድ የጎረቤቶች ማኅበር ነበር። በአንድ አካባቢ ያሉ ኮሌጆች በብርዱ ወራት እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፤ በመጨረሻም ሻምፒዮናቸውን ይለያሉ። በ2025 በተደረገው የወንዶች ውድድር ከ68ቱ ቦታዎች 31ዱ ለ31 ኮንፈረንሶች ሻምፒዮኖች በቀጥታ ተሰጡ። የቀሩትን 37 ቦታዎች ግን መራጭ ኮሚቴ የቡድኖቹን ውጤት መርምሮ አደላቸው።

ከውድድሩ ገቢ አንዱ ዋና ክፍል የሚከፋፈለው «ዩኒት» በሚባል የጨዋታ ድርሻ ነው። በ2022 ይሠራበት በነበረው ደንብ፥ አንድ ቡድን ከፍጻሜው ጨዋታ በቀር ለተጫወተው ለያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ዩኒት ያገኝ ነበር። ገንዘቡ የሚከፈለው በቀጥታ ለኮሌጁ ሳይሆን ለኮንፈረንሱ ነው፤ የሚከፈለውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተከፋፍሎ በስድስት ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ የአንዱ ዩኒት ዋጋ በዓመት ወደ 340 ሺህ ዶላር፥ በስድስት ዓመት ደግሞ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር። ኮንፈረንሱም የደረሰውን ገንዘብ በራሱ ደንብ ለአባሎቹ ያካፍላል፤ ብዙዎቹ በእኩል ወይም ለእኩል በቀረበ ሁኔታ ማካፈልን መርጠዋል።

የዚህ አከፋፈል ፍሬ በ2022 በግልጽ ታየ። በጀርሲ ሲቲ ከተማ የሚገኘው ትንሹ የሴንት ፒተርስ ዩኒቨርሲቲ በክፍሉ 15ኛ ደረጃ ይዞ ገባና በመጀመሪያው ጨዋታ ኬንተኪን 85 ለ 79 አሸነፈ። ቀጥሎም መሪ ስቴትንና ፐርዱን ጥሎ ከመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች አንዱ ሆነ። በዚያ ደረጃ ላይ የደረሰ 15ኛ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። በመጨረሻ በኖርዝ ካሮላይና ተሸንፎ ወጣ። አራት ጨዋታ በመጫወቱ አባል ለሆነበት ለሜትሮ አትላንቲክ ኮንፈረንስ አራት ዩኒት፥ በስድስት ዓመት የሚከፈል 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገኘ። በዚያ ጊዜ ኮንፈረንሱ 11 አባሎች ነበሩት። በእኩል ቢካፈሉት ለያንዳንዱ ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ይደርሰው ነበር ማለት ነው።

በእኛ አገር ዕቁብተኛ ዕጣ ሲወጣለት ገንዘቡን ለብቻው ይወስዳል። በዚህ ማኅበር ግን ዕጣ የወጣለት ለሁሉም ያመጣል። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዳሉት፥ ውድድሩን በአገሪቱ ሁሉ ተወዳጅ ያደረገው ይህ መካፈል ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በአብዛኛው ክፍለ ግዛት ያለ ሕዝብ በገበያው ውስጥ የእኔ የሚለው ኮሌጅ አለውና።

ዳሩ ግን እኩል መካፈል ሁልጊዜ አስተማማኝ አይደለም። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በስፖኬን ከተማ የሚገኘው ጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ ውድድሩ በተደረገበት ዓመት ሁሉ ገብቷል። ለኮንፈረንሱ ለዌስት ኮስት አብዛኛውን ዩኒት የሚያመጣውም እርሱ ነበር። በ2018 ወደ ሌላ ኮንፈረንስ ለመሄድ በተነጋገረ ጊዜ ዌስት ኮስት ደንቡን አሻሽሎ ገንዘቡን ላመጣው ኮሌጅ የሚደርሰውን ድርሻ ከፍ አደረገለት። ይህም ለጥቂት ዓመታት አቆየው። ሆኖም በ2024 ጎንዛጋ ከ2026 ጀምሮ ወደ ፓስፊክ 12 ኮንፈረንስ ለመግባት ተስማማ። ትልቁን ሸሪክ በተጨማሪ ድርሻ ማባበል ጊዜ ይገዛል እንጂ ለዘለቄታው አያስርም።

ጎረቤቶች ለምን ተለያዩ?

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውል ያስፈልጋል። ኮንፈረንሶችን ያፈራረሰው የቅርጫት ኳስ ገንዘብ አይደለም። ያፈራረሳቸው የአሜሪካ ፉትቦል የተባለው፥ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ሌላው ጨዋታ ነው።

እስከ 1984 ድረስ የኮሌጆችን ፉትቦል ለቴሌቪዥን የሚሸጠው ብሔራዊው ማኅበር ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ቦርድ ከሌሎች ጋራ ሆኖ ባቀረበው ክስ፥ ይህ አሠራር የነጻ ንግድን ውድድር የሚከለክል ስለ ሆነ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ኮንፈረንሶች ፉትቦላቸውን ራሳቸው መሸጥ ጀመሩ። ብዙ ሕዝብ ያለባቸውን ከተሞችና ስመ ጥር ቡድኖችን የያዘ ኮንፈረንስ ብዙ ስለሚከፈለው፥ ትልልቆቹ ኮንፈረንሶች እንደ ጅምላ ነጋዴ የሌላውን ምርጥ ዕቃ ወደ ራሳቸው መሰብሰብ ያዙ። የቅርጫት ኳሱም፥ ከዋናው ዕቃ ጋራ አብሮ እንደሚጫን ትርፍ ጭነት፥ ፉትቦሉ ወደ ሄደበት ተከትሎ ሄደ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የፓስፊክ 12 ታሪክ ነው። ይህ ማኅበር በምዕራቡ ጠረፍ በ1915 የተመሠረተ ሲሆን፥ የመጀመሪያው የ1939 ሻምፒዮን ኦሪገን ከእርሱ የወጣ ነበር። ከ1964 እስከ 1975 ባለው ጊዜ በአሠልጣኙ በጆን ዉደን ሥር አሥር ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው የሎስ አንጀለሱ ዩ ሲ ኤል ኤም የዚሁ ማኅበር አባል ነበር። በ2022 ዩ ሲ ኤል ኤና የከተማው ጎረቤቱ ዩ ኤስ ሲ ወደ ቢግ ቴን ኮንፈረንስ እንደሚሄዱ አስታወቁ። በ2023 ኦሪገንና ዋሽንግተን ተከተሏቸው። አሪዞና፥ አሪዞና ስቴት፥ ዩታና ኮሎራዶ ወደ ቢግ ትዌልቭ ሄዱ፤ ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ደግሞ ስሙ እንደሚናገረው የምሥራቁ ባሕር ጠረፍ ወደ ሆነው ወደ አትላንቲክ ኮስት ገቡ። ከ12ቱ አባሎች በ2024 በቤቱ የቀሩት ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ነበሩ። ሁለቱም በፍርድ ቤት ተከራክረው የማኅበሩን አስተዳደር በእጃቸው አስቀሩና ሌሎች አባሎች ፈልገው ማኅበሩን እንደ ገና ለማቆም ተነሡ። ጎንዛጋ የተስማማው ከእነዚህ ጋራ ነው።

እንግዲህ የሎስ አንጀለስ ተማሪዎች ለአንድ የኮንፈረንስ ጨዋታ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው ኒው ጀርሲ ይደርሳሉ። ቢግ ቴን ስሙ አሥር ማለት ሲሆን ዛሬ 18 አባሎች አሉት። ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ አዲሱን ቤት ለማግኘት ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሙሉው ድርሻ በእጅጉ ያነሰ ለመቀበል ተስማሙ። ከዳላስ ከተማ የመጣው ሳዘርን ሜተዲስት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለዘጠኝ ዓመት ከቴሌቪዥኑ ገንዘብ ምንም ሳይቀበል ገባ። ከገበያ ውጭ መቅረትን የፈራ ነጋዴ በኪሳራም ቢሆን ሱቅ እንደሚከራይ ማለት ነው።

ለቅርጫት ኳስ የዚህ ጕዳቱ ግልጽ ነው። የዘወትር ደንበኛ የሚገኘው ከጎረቤት ፉክክር ነው። አትላንቲክ ኮስትን በ1953 ከመሠረቱት አንዱ የነበረው ሜሪላንድ በ2014 ወደ ቢግ ቴን ሲሄድ ከዱክና ከኖርዝ ካሮላይና ጋራ በየዓመቱ የሚያደርገው ጨዋታ ቀረ። ሚዙሪ በ2012 ወደ ሳውዝ ኢስተርን ሲሄድ ከጎረቤቱ ከካንሳስ ጋራ የነበረው የአንድ መቶ ዓመት ያህል ፉክክር ለብዙ ጊዜ ተቋረጠ። በፉትቦል ሒሳብ ያተረፈ ሽግግር በቅርጫት ኳስ ሒሳብ የዘወትሩን ደንበኛ አሳጣ።

ተቃራኒውን መንገድ የመረጡም አሉ። ቢግ ኢስት በ1979 በአሠልጣኝነትና በአስተዳዳሪነት በሚታወቀው በዴቭ ጋቪት አሳቢነት የተቋቋመው ለቅርጫት ኳስ ነበር። በ1985 ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ሦስቱ የእርሱ አባሎች ነበሩ፤ ቪላኖቫም ጆርጅታውንን 66 ለ 64 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ፉትቦል የሚጫወቱ አባሎች እየበዙ ማኅበሩ ታወከ። በ2013 ሰባት የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ከፉትቦሉ ተለይተው ስሙንና በኒው ዮርክ በማዲሰን ስኵዌር ጋርደን የሚደረገውን ውድድር ይዘው ወጡ፤ ሦስት መሰል ኮሌጆችንም ጨመሩ። የዚህ ማኅበር አባል የሆነው ቪላኖቫ በ2016ና በ2018፥ በ2020 ወደዚሁ የተመለሰው ኮኔቲከት ደግሞ በ2023ና በ2024 ሻምፒዮን ሆኑ። አንድ ዓይነት ዕቃ ይዞ በእርሱ ላይ መጽናት የሚያዋጣ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ተጫዋቹም ዋጋ አገኘ

ቀድሞ ተጫዋቾቹ ከትምህርት ነጻ ዕድል በቀር ክፍያ አልነበራቸውም። በ2021 ከስማቸውና ከመልካቸው በማስታወቂያ ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደላቸው። በዚያው ዓመት ኮሌጅ ለሚለውጥ ተጫዋች አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት መዛወር ተፈቀደ፤ በ2024 ደግሞ የአንድ ጊዜው ገደብ ተነሣ። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት መሠረት ኮሌጆች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀመሩ። ለ2025-26 የትምህርት ዓመት አንድ ኮሌጅ ሊከፍል የሚችለው ከፍተኛው መጠን 20.5 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ለቀድሞ ስፖርተኞችም 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሣ በአሥር ዓመት እንዲከፈል ተወሰነ።

ወጣቱ የድካሙን ዋጋ ማግኘቱ ፍትሕ ነው፤ ሌላው ሁሉ በእርሱ ሥራ ሲያተርፍ ኖሯልና። የትንሹ ኮሌጅ ችግር ግን ከዚሁ ጋራ ይመጣል። ሴንት ፒተርስ ኬንተኪን ባሸነፈበት ወር አሠልጣኙ ሻሂን ሆሎዌይ ወደ ሲተን ሆል ተወሰደ። በ2025 ፍሎሪዳ ሂውስተንን 65 ለ 63 አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን፥ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ተጫዋቾች ሁሉ ብልጫ ያለው ተብሎ የተመረጠው ዋልተር ክሌይተን፥ የኮሌጅ ጨዋታውን የጀመረው ከሴንት ፒተርስ ጋራ በአንድ ኮንፈረንስ ባለው በአዮና ነበር። ሌሎች ሁለት የፍሎሪዳ ተጫዋቾችም ከፍሎሪዳ አትላንቲክና ከቤልሞንት የመጡ ናቸው። ትንሹ ኮሌጅ እንደ ችግኝ ጣቢያ ሆኗል፤ እርሱ ያበቅላል፤ ፍሬውን ግን ሌላው ይለቅማል። ቡና ተካዩ ዛፉ ማፍራት ሲጀምር በሌላ ሰው ቢነቀልበት ዳግመኛ ለመትከል ምን ልብ ይኖረዋል?

ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በፔንስልቬኒያ የሚገኘው ትንሹ የሴንት ፍራንሲስ ዩኒቨርሲቲ በመጋቢት 2025 በውድድሩ ተሳትፎ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸነፈ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉም ከከፍተኛው ምድብ ወጥቶ የስፖርት የትምህርት ዕድል ወደማይሰጥበት ወደ ሦስተኛው ምድብ እንደሚወርድ አስታወቀ። በገበያው ትልቅ ቀን ሱቁን ከፍቶ በማግስቱ ዘጋ።

ወደ ፊት ምን ይመጣ ይሆን?

የ2025 ውጤት ለብዙዎች የማስጠንቀቂያ ደወል ሆኗል። ሳውዝ ኢስተርን ኮንፈረንስ ከ16 አባሎቹ 14ቱን ወደ ውድድሩ አስገባ፤ ይህም ከዚያ በፊት ያልታየ ቍጥር ነው። ከመጨረሻዎቹ 16 ቡድኖች ሰባቱ ከሳውዝ ኢስተርን፥ አራቱ ከቢግ ቴን፥ አራቱ ከቢግ ትዌልቭ፥ አንዱ ከአትላንቲክ ኮስት ነበሩ። ከአራቱ ትልልቅ ኮንፈረንሶች ውጭ አንድም ቡድን እዚያ አልደረሰም። የመጨረሻዎቹም አራት ሁሉ በየክፍላቸው 1ኛ ደረጃ የነበሩ ናቸው።

ትልልቆቹ በበኩላቸው የሚሉት አላቸው። ሕዝቡ ማየት የሚፈልገው ስመ ጥሮቹን ነው፤ ወጪውንም የምንሸከም እኛ ነን፤ ስለዚህ ድርሻችን ሊያድግ ይገባል ይላሉ። ይህ ክርክር ከንቱ አይደለም። በዚያው በ2025 የፍጻሜውን ጨዋታ ከ18 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በቴሌቪዥን ተመልክቶታል። ትልልቆች ብቻቸውን ቢቀሩም ገዢ አልጠፋም ማለት ነው።

በፉትቦል ይህ ክርክር አሸንፏል። የኮሌጆች ፉትቦል የመጨረሻ ውድድር በብሔራዊው ማኅበር እጅ አይደለም፤ ኮንፈረንሶቹ ራሳቸው ያስተዳድሩታል። በ2024 በተፈረመውና ከ2026 ጀምሮ ለስድስት ዓመት በሚጸናው የ7.8 ቢሊዮን ዶላር ውል መሠረት ቢግ ቴንና ሳውዝ ኢስተርን ሁለቱ ብቻቸውን ከገንዘቡ ከግማሽ የሚበልጠውን እንዲወስዱ ተስማሙ። ስለ ቅርጫት ኳስ የሚያስቡ ሰዎች ፍርሃታቸው እዚህ ላይ ነው። የመጋቢቱ ውል በ2032 ሲያልቅ ትልልቆቹ ተመሳሳይ ውል ለብቻቸው ሊያቀርቡ ይችላሉና።

ሌላው መንገድ ገበያውን ማስፋት ነው። በ2025 የተሳታፊዎቹን ቍጥር ከ68 ወደ 72 ወይም ወደ 76 ስለማሳደግ ብዙ ክርክር ተደረገ፤ ለ2026 ግን 68 ሆኖ እንዲቈይ ተወሰነ። የዚህ ዓይነት ማስፋፋት ጥቅም የሚመዘነው በቍጥሩ አይደለም። አዲሶቹ ቦታዎች በኮሚቴ ምርጫ የሚሰጡ ከሆነ የሚበዙት ለትልልቆቹ ኮንፈረንሶች መካከለኛ ቡድኖች ይሆናሉ። እንዲህ ከሆነ ገበያው ሰፋ ቢባልም ለትንሹ ያው ጠባብ ነው።

መልካም ምልክትም አለ። የሴቶች ውድድር ለብዙ ዘመን ዩኒት አልነበረውም፤ የሴቶች ቡድን ምንም ያህል ቢያሸንፍ ለኮንፈረንሱ የሚያስገኘው ገንዘብ አልነበረም። በጃንዋሪ 2025 የብሔራዊው ማኅበር አባሎች ይህን ለወጡና ለመጀመሪያው ዓመት 15 ሚሊዮን ዶላር መደቡ፤ ይኸውም በሦስት ዓመት ወደ 25 ሚሊዮን እንዲያድግ ወሰኑ። ከወንዶቹ ጋራ ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ሆኖም ዕቃው ሳይካፈሉት ሳይሆን እየተካፈሉት እንደሚያድግ ያመኑ ሰዎች ገና መኖራቸውን ያስረዳል።

ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

እኛ ይህን ሁሉ ስንመዝን የምንደርስበት አንድ ነገር ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች እርስ በርሳቸው የሚጫወቱት ጨዋታ በብርዱ ወራት ሁሉ ይገኛል፤ ለዚያም ሌላ ውል፥ ሌላ ዋጋ አለው። በመጋቢት ብቻ የሚገኘው፥ ሌላ ቦታ የማይሸጠው ዕቃ፥ የትልቁና የትንሹ በአንድ ሜዳ መገናኘት ነው። 1.1 ቢሊዮን ዶላር የሚከፈለው ለዚህ ነው። ትንሹ ከገበያው ሲወጣ ትልቁ የሚወርሰው የትንሹን ድርሻ ይመስለዋል፤ የሚያጣው ግን የራሱን ዕቃ ልዩ ያደረገውን ነገር ነው። ኪሳራውም በአንድ ዓመት አይታይም። በ2025 እንደ ታየው ሕዝቡ ለጊዜው መመልከቱን ይቀጥላል፤ ደንበኛ ሲርቅ አስቀድሞ አይናገርምና።

በሌላ በኩል ትልቁ ያለ አግባብ ተጫነብኝ ብሎ ሲያጕረመርም አለመስማትም አይበጅም። የዌስት ኮስትን ምሳሌ አይተናል። እኩል አከፋፈል ብቻውን ሸሪክን አያቆይም፤ ያለ ልክ መጨመርም አያቆይም። የሚያቆየው ሁሉም አብረው ካልሆኑ ዕቃው እንደማይኖር በሒሳብ ማሳየት ነው።

በእኛም ገበያ አስመጪው፥ ጅምላ ነጋዴውና ቸርቻሪው በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። በመንደር ሱቁ ያለው ቸርቻሪ ብድሩን ከፍሎ፥ ልጁን አስተምሮ፥ ለከርሞ ዕቃ የሚያዝዝበት ትርፍ ካልተረፈው፥ የአስመጪው መጋዘን ሞልቶ መዋሉ ሀብት አይደለም። የአሜሪካ ኮሌጆች ከ2032 በፊት ይህን ሒሳብ ተቀምጠው መሥራት ይኖርባቸዋል። የኛ ነጋዴዎችም ውላቸው ከማለቁ በፊት፥ ትርፉ ገና ደኅና ሳለ፥ ከሸሪኮቻቸው ጋራ ቢነጋገሩ ይሻላል። ኪሳራ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ንግግር ስለ ማካፈል ሳይሆን ስለ መካሰስ ይሆናልና።